የደርሳ ሐሳብ ዳጉ ሆኖ የወጣ ጊዜ

ደርሳ ሁመድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ ቀድሞ ይነገርለት። እንግዳ ሲመጣ የራሱን ወተት አሳልፎ ይሰጣል፣ ከሚስቱ ከመዲና ጋር በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተኳርፎ አላደረም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያስባል። ሰው ሁሉ ያስባል ትሉ ይሆናል። ደርሳ ግን ደመና ሲጠፋ ድርቅ፣ ደመና ሲመጣ ጎርፍ ነው የሚታየው። ግመል ካሳለች ሳንባዋ ያሳስበዋል፣ ካላሳለች ደግሞ ምነው ዝም አለች ብሎ ይጨነቃል። በሠርጉ ቀን ጎረምሶቹ መሬቱን እየደበደቡ ሲጨፍሩ፣ እሱ ጥግ ይዞ ሙሽራይቱ ከሱ ቀድማ ብትሞት ብቻውን እንዴት እንደሚኖር ሲያሰላስል ነው የተገኘው። መዲና ይህን እስከ ዛሬ አትተውለትም።

"ይሄ ሰውዬ ሳያገባኝ ነው የቀበረኝ" ትላለች።

እንዲህ ላለ ሰው ዳጉ መድኃኒትም መርዝም ነው። በደርሳ አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጢጥ ብለው ሳይቀመጡ አይተላለፉም። የቱ ሸለቆ ሣር እንዳበቀለ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ግመል እንደጠፋ ይነጋገራሉ። ያዩትን እንዳዩት፣ የሰሙትን ደግሞ ከማን እንደሰሙ ስም ጠርተው ይናገራሉ፤ ዳጉ ማለት ይህ ነው። የተቀበለው ሰው በበኩሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ያልሆነ ነገር አውርቶ የተገኘ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ አብሮት ቁጢጥ የሚል አያገኝም፤ ሰላም ብለውት ብቻ ያልፋሉ። ለደርሳ ከዚህ የከፋ ሞት የለም። ሌላው ሰው ዝናብ ዘንቧል ሲሉት አላህ ይመስገን ብሎ ይነሳል፤ ደርሳ ግን በየት በኩል እንደዘነበ፣ መብረቅ እንደነበረውና መብረቁ ወዴት እንዳዘነበለ ሳይጠይቅ መንገደኛውን አይለቅም። ወሬ ካጣ በሐሳብ ይፈነዳል።

ነገሩ የመጣው ልጁ አይዳሂስ ግመሎቹን ይዞ ከኮረብታው ማዶ የወረደ ጊዜ ነው። አይዳሂስ ጢም ያበቀለ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ነው። በሦስተኛው ቀን በመንገደኛ ቃል እልካለሁ ብሎ ነበር። ሦስተኛው ቀን አለፈ፣ አራተኛውም አለፈ። በአምስተኛው ቀን ደርሳ ቀና ሲል በኮረብታው ማዶ ሰማይ ላይ ጥንብ አንሳዎች ሲዞሩ አየ።

ጉድ ፈላ። ጥንብ አንሳ ያለ ጥንብ አይዞርም። ጥንቡ ግመል ነው። አንዲት ግመል ብቻ ብትሆን ይህን ያህል አይሰበሰቡም፤ ስለዚህ በሽታ ነው። በሽታው መንጋውን ጨርሶታል፤ አይዳሂስ በምን ዓይኔ አባቴን አያለሁ ብሎ ወደ ጂቡቲ ጠፍቷል። እዚያ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል።

"ደርሳ፣ ና ብላ እንጂ" አለች መዲና።

"ወገቡ ተሰብሮ ምን ልብላ?"

"የማን ወገብ?"

"የልጅሽ ነዋ!"

መዲና ቂጣውን ከፊቱ አስቀምጣ ሄደች። እሷ ይህን ዓይነቱን ወገብ ለምዳዋለች።

ደርሳ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ሁለት ቀን ቆየ። በነጋታው ያዮ የሚባል ወዳጁ ፍየሎቹን እየነዳ ወደ ሚሌ ገበያ ሲያልፍ አገኘውና ተቀመጡ። ያዮ የያዘውን ዳጉ ሁሉ አወረደ። ከዚያ ተራው የደርሳ ሆነ።

"በማዶ በኩልስ ምን አለ?"

"በማዶማ በሽታ ገብቷል። ግመል እየፈጀ ነው።"

አፉ ቀደመው። ዋሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሲያስበው ስለሰነበተ ያወቀው መስሎት ነው።

"በዓይንህ አይተሃል?" አለ ያዮ።

"ጥንብ አንሳው ሰማዩን ሲሞላው በዓይኔ አይቻለሁ።"

ያዮ ከንፈሩን መጠጠ፣ ፍየሎቹን ሰበሰበና ወሬውን ይዞ ሄደ።

ዳጉ በዚያ አገር ከጂቡቲ መኪና ይፈጥናል። በማግስቱ ወደ ማዶ ሊወርዱ የነበሩ መንጋዎች ፊታቸውን አዙረው ወደ ደረቁ ሜዳ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን አንድ ባዕድ መንገደኛ ደርሳ ደጅ ደርሶ ቁጢጥ አለና ጀመረ።

"ከኮረብታው ማዶ በሽታ ገብቷል። ግመል እየፈጀ ነው። ይህን የሰማሁት ከዓሊ ነው፣ ዓሊ ደግሞ..."

ደርሳ ከማን እንደሆነ እስኪጨርስ አልጠበቀም። "አላልኩሽም መዲና! አላልኩሽም!" አለና ዱላውን አንስቶ ሽርጡን እያጠበቀ ወደ ኮረብታው በረረ።

መንገደኛው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዳጉ በእንጥልጥል አይተውምና የቀረውን ለመዲና ጨረሰላት። "ዓሊ ከሑሴን፣ ሑሴን ከያዮ፣ ያዮ ደግሞ ከደርሳ ሁመድ ነው የሰማው። ደርሳ ሁመድ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?"

"አሁን ሲሮጥ ያየኸው እሱ ነው" አለች መዲና።

ደርሳ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማዶ ደረሰ። አይዳሂስ ግራር ሥር ተጋድሞ ጥርሱን ይፍቃል። ግመሎቹ ሻኛቸው ቆሞ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ያመነዥጋሉ። ደርሳ ልጁን አቅፎ ወገቡን በሁለት እጁ ዳሰሰው።

"አባ፣ ምን ሆነሃል?"

"ጥንብ አንሳው... ምን ሞቶ ነው?"

"የሆነ ሰው አህያ ነው። አርጅታ ሞተች።"

"ታዲያ ቃል እልካለሁ ብለህ ለምን ሳትልክ ቀረህ?"

"በማን ልላክ? መጀመሪያ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ ኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ከዚህ ሸሸ። በሽታ ገብቷል ብሎ ያስወራ ባለጌ አለ አሉ፤ ማን እንደሆነ እንጃ።"

ደርሳ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ደስታው ገና ከጉሮሮው ሳይወርድ ፍርሃት ደረሰበት። ይህ ፍርሃት ግን እንደሌሎቹ አልነበረም፤ ምክንያት ነበረው።

በማዶ በሽታ እንደሌለ ሲታወቅ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ እየተከተሉ ከደርሳ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። መንጋቸውን ወደ ደረቁ ሜዳ የመለሱ ሰዎች የግመሎቻቸው ወተት ነጥፎባቸው ነበርና ተቆጥተዋል። "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሰው ጋር ማንም ዳጉ አይቀመጥ!" አሉ። ከጉባኤው ትልቁ ሽማግሌ ገአስ ግን ነገሩን ከሥሩ ለማየት ፈለገ።

"በሽታውን አየኸው?"

"አላየሁም።"

"ከማን ሰማኸው?"

"ከማንም።"

"ታዲያ ከየት አመጣኸው?"

"አሰብኩት" አለ ደርሳ፣ ድምፁ እየሰለለ።

ከጉባኤው አንዱ ሳቁን ማፈን አቅቶት ፈነዳ፤ የተቆጡት ሳይቀሩ ተከተሉት።

"ውሸታም ቢሆን ፍርዱ ቀላል ነበር" አለ ገአስ። "ውሸታም የሚዋሸውን ያውቃል። ይሄ ግን መጀመሪያ ያሳመነው ራሱን ነው። ስማ ደርሳ፤ ዝናብ እስኪመጣ እንይህ። ያየኸውን ተናገር፣ የሰማኸውን ተናገር። ያሰብከውን ግን ዳጉ ላይ ብትቀላቅል፣ አንዲት ቃል ብትቀላቅል፣ አለቀልህ።"

"ያሰበውንስ የት ያድርገው?" አለች መዲና ከወዲያ ከሴቶቹ መሃል።

"ላንቺ ይንገርሻ።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት ሰማሁ፣ ይበቃኛል። ለግመሎቹ ይንገር።"

"ይሁን" አለ ገአስ። "ግመል ወሬ አታደርስም።"

ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ደርሳ ግን አደረገው። በየቀኑ ግመሎቹ ውሃ ጠጥተው ሲያርፉ ከአሮጊቷ ግመል አጠገብ ተቀምጦ የቀኑን ሐሳብ ሁሉ ያወርድላታል። ጠዋት የመጣበትንም "ቆይ፣ ለሷ ነው" እያለ ያቆየዋል። የሚገርመው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ግማሹን ረስቶት ያገኘዋል። የቀረውንም ጮክ ብሎ ሲናገረው ያፍርበታል፤ ግመሏ እንደሆነች ፊቷን አዙራ ታመነዥጋለች። ሐሳቡ ጠፋ ግን አልልም፤ ደርሳ እኮ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኡስማን የሚባል መንገደኛ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ትናንት ሚስቱን ምጥ ይዟት በመኪና ወደ ሎጊያ ሐኪም ቤት ወስደዋታል። እሱ በእግሩ እየተከተለ ነው።

"ሞታለች" አለ። "ልቤ ነግሮኛል።"

ደርሳ ይህን ዓይነት ልብ ያውቀዋል።

"ስትሞት አየህ?"

"አላየሁም።"

"ሞተች ያለህ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው እየወለደች ይሆናል። ይህን ወተት ጠጣና ሂድ፣ ወንድሜ።"

ኡስማን ጠጣ፤ ትንፋሹም ረጋ፤ ሄደ። ገና ከዓይን ሳይጠፋ ታዲያ ደርሳ ማሰብ ጀመረ። ደም ቢፈሳትስ? መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ልጆቹን ማን ያሳድጋቸዋል? ስንት ልጆች እንዳሏት እንኳ አያውቅም፤ እሱ ግን በሐሳቡ አራት አድርጎ ትንሿን እያባበለ ነበር። ግመሎቹ ገና ከውሃ አልተመለሱም። እንደ ክፉ ዕድል ሌላ መንገደኛ ብቅ አለና ከፊቱ ቁጢጥ አለ። የያዘውን ዳጉ ነግሮት ሲያበቃ "እዚህስ ምን አለ?" አለው።

ምንጣፍ ትሠራ የነበረችው መዲና እጇ ቆመ።

"ኡስማን የሚባል ሰው ረፋድ ላይ አልፏል" አለ ደርሳ። "ሚስቱ ምጥ ይዟት ሎጊያ ሐኪም ቤት ገብታለች። እሱም ወደሷ ሄዷል። ይህን ከራሱ ከኡስማን ሰማሁ።"

"እንዴት ናት ታዲያ?"

የደርሳ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አራቱ የሙት ልጆች ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰልፈዋል። ግንባሩን አላበው።

"አላውቅም" አለ። ይህን ቃል በሕይወቱ ስንቴ እንደተናገረው እንጃ።

"ሌላስ?"

"ሌላውን ሆድ ይፍጀው።"

መንገደኛው ተነሳና ሽርጡን አራገፈ። እንዳይረሳውም "ከደርሳ ሁመድ፣ ደርሳ ሁመድ ከኡስማን" እያለ ለራሱ ደገመው። ስሙ በሰው አፍ ተይዞ መንገዱን ሲወርድ፣ ደርሳ የሽርጡን ጫፍ አንስቶ ዓይኑን ጠረገ።