ትኬት ያልቆረጡት የኖሊን ተሳፋሪዎች

ኖሊን ፓስኮ በባሕር ዳርቻዋ ማካይ ከተማ ውስጥ ጸጉሯ እስኪሸብት ድረስ የተማሪ አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። ቁጣዋ ከፊት ወንበር ተነስቶ የኋላውን ያንቀጠቅጥ ነበር ይባላል። ነገር ግን ትኬቱን ረስቶ ከአውቶቡሷ ደጃፍ ቆሞ የቀረ ልጅ የለም። «ግባ፣ ወደ ኋላ ሂድና ቁጭ በል» ትለዋለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ልጁ አመሰግናለሁ ሊል ሲል አውቶቡሱ ተንቀሳቅሷል።

ሳሎኗ ውስጥ ያለውን የጨው ውኃ የመስታወት ገንዳ ያቆመው ባሏ ክላይቭ ነው። ክላይቭ ኮራል፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ እንደ ተክል የሚያድገውን ሕያው ፍጥረት፣ ያሳድግ ነበር። በዚያ ከተማ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች የማይጥሱት አንድ ልማድ አላቸው፤ ከምትወደው ላይ ቆርሰህ ለወዳጅህ ትሰጣለህ፣ ያንተው ኮራል የሞተ ቀን ደግሞ እሱ ከራሱ ቆርሶ ይመልስልሃል። ቁራሹ ከቤት ቤት የሚዞረው በባዶ የአይስክሬም ዕቃ ነው። ታዲያ ከቁራሹ ጋር ተለጥፈው ማንም ያልጋበዛቸው፣ ኮከብ የሚመስሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረቶች ይመጣሉ። የባሕር ኮከብ ይባሉ እንጂ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ራሳቸውን ለሁለት እየገመሱ ስለሚራቡ አብዛኞቹ አንድ ወገናቸው አጭር ነው። ክላይቭ «ያንቺ ተሳፋሪዎች» ይላቸው ነበር፤ «ትኬት ሳይቆርጡ የገቡ።» ኖሊን በዚህ ትስቅ ነበር፤ ኮከቦቹንም የወደደቻቸው በዚሁ ሰበብ ነው።

ክላይቭ ባለፈው የዝናብ ወራት ሞተ። ከመሞቱ በፊት በገዛ እጁ ድንጋይ ላይ ያጣበቃት አንዲት ሐምራዊ ኮራል ቀረችላት። ኖሊን በየጠዋቱ ሻይዋን ይዛ ፊቷ ትቀመጥና «እንዴት አደርሽ» ትላታለች። ጎረቤት ቢሰማትም ግድ የላትም።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ኮራሏ በአንድ ጎኗ ነጥታ አገኘቻት። በነጣው ቦታ ላይ ኮከቦች ተሰብስበዋል። ሮጣ ለኬልቪን ደወለች። ኬልቪን ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ፣ የክላይቭ የልብ ጓደኛ፣ የኮከቦች ደግሞ ደመኛ ነው።

«ስነግርሽ ኖሬአለሁ» አላት። «እኔ ቤት አንዲት ኮከብ አታገኚም። አንቺ ግን ዝም ብለሽ ስትቀልቢያቸው ከረምሽ።»

«ምን ቀለብኳቸው? መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነው የሚልሱት።»

«አሁንስ ምን እያደረጉ ነው? ሻይ ጠርተሻቸው ነው?»

«አንተ ደግሞ አሽሙርህ አያልቅም።»

«ልቀሚያቸው፣ ሹፌሯ። ወይ እነሱ፣ ወይ የክላይቭ ኮራል። ምረጪ።»

መረጠች። በየጠዋቱ የክላይቭን ወረንጦ ይዛ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ውኃው ውስጥ ከትታ ኮከብ ትለቅም ጀመር። ኬልቪን ኮምጣጤ ውስጥ ጨምሪያቸው ብሏት ነበር፤ እጇ እምቢ አላት። በአይስክሬም ዕቃ ውኃ አድርጋ በረንዳው ጥላ ሥር ብታስቀምጣቸው በሙቀቱ አለቁባት። አለቀሰች። ምስር ለሚያህል ፍጥረት ማልቀሷም ራሷን አናደዳት።

የሚገርመው ግን በለቀመች ቁጥር ኮራሏ የባሰ ነጣች። በመጨረሻ ገንዳው ውስጥ አንድም ኮከብ ሳይቀር ተለቅሞ አለቀ፣ ኮራሏ ግን አጥንት መሰለች። ኬልቪን ሊያያት መጣ። ኖሊን የቱ ጋ እንደነጣች ልታሳየው ክንዷን ወደ ውኃው ስትሰድ ያዛት።

«ቆይ እስቲ። ክንድሽን አምጪ።»

«ምን ልታደርገው?»

አሸተተው። ዕድሜ ልኩን በሰው ራስና በቅባት መሃል የኖረ ሰው ነው። «ምንድነው የተቀባሽው?»

«የፀሐይ ቅባት ነዋ። ሐኪሙ ፀሐይ ያመጣብኝን ዕጢ ከአፍንጫዬ ከቆረጠልኝ ወዲህ ያለሱ ከአልጋ ወርጄ አውቃለሁ?»

«ይሄንኑ ተቀብተሽ ነው በየጠዋቱ እዚህ ውስጥ የምትገቢው?»

ኖሊን ወደ ገንዳው አጎነበሰች። የውኃው ፊት ላይ ስስ ቅባት ያብረቀርቃል። ክላይቭ በነበረ ጊዜ ገንዳው የሱ፣ ጓሮውና ፓፓያው የሷ ስለነበር እጇን ከትታ አታውቅም። ክላይቭ ክንዱን እንደ ቀዶ ሐኪም ታጥቦ ነበር የሚገባው። እሱ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው ደግሞ ድንጋዩ ተንሸራቶ ልታቃናው ነበር፤ ኮራሏ መንጣት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ቅባቱ ኮራሏን መርዟት ኖሯል፤ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባት።

«ኮከቦቹ የሞተውን ሊያጸዱ ነው የመጡት» አለች። «የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ ኬልቪን። እነሱንም ኮራሏንም።»

«ልቀሚያቸው ያለሽስ ማን ሆነና?» አለ ኬልቪን። አሽሙሩ ጠፍቶት ነበር።

ሁለቱም ሆነው ውኃውን ለወጡላት፣ በከሰል አጣሩላት፤ ኮራሏ አልዳነችም። ኖሊን ያን ሰሞን ሻይዋን ኩሽና ውስጥ ቆማ ጠጣች፤ ሳሎን መግባት አስጠላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኬልቪን የአይስክሬም ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ክላይቭ በደኅናው ጊዜ ከዚያችው ሐምራዊ ቆርሶ ሰጥቶት ነበርና እሱም ከራሱ ቆርሶ አመጣ። ልማዱም ይኸው ነው። ኖሊን ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ በሙቅ ውኃ ፈትጋ ታጥባ መጣች። ቁራሹን አንስታ ገልበጥ ስታደርገው ከሥሩ አንዲት አጭር ወገን ያላት ኮከብ ተለጥፋለች።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «እኔ ቤት አንዲት ኮከብ አታገኚም አላልክም?»

ኬልቪን ጫማውን አየ። «ሌሎቹን ለቅሜአለሁ። በዚህችኛዋ ኮራል ላይ ያሉት ግን ያኔ ክላይቭ ያመጣቸው ናቸው። እጄ እምቢ አለኝ።» ከኪሱ ወረንጦ አወጣ። «ካልፈለግሽ አሁኑኑ አነሳልሻለሁ።»

ኖሊን ወረንጦውን በክርኗ ገፋ አደረገችው። ቁራሹን ክላይቭ ኮራሏን ያጣበቀበት ድንጋይ ላይ፣ በድሮው ቦታ አስቀመጠችው። እንባዋ እየወረደ ስለነበር ወደ ኬልቪን አልዞረችም።

«ግቢ» አለቻት ኮከቧን፣ «ወደ ኋላ ሂጂና ቁጭ በይ።»