ወንዝ ማዶ ያልደረሰው መንገድ

መንግሥት ከዋናው አውራ ጎዳና ገንጥሎ አንድ የገጠር መንገድ ሊያወጣልን ነው የተባለ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ አበደ። አንድ ብቻ ነው የተባለው። ወይ ወደ ተራራው ግርጌ፣ ገበያው ወዳለበት፤ ወይ ደግሞ የሮቢ ወንዝን በድልድይ ተሻግሮ ወደኛ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ፣ በአንድ እድር የምንቀባበር፣ በዓል የምንጠራራ ሰዎች በዚች መንገድ ዓይንና ናጫ ሆንን። ገበያ ወርጄ ማሽላ ስሸምት፣ የግርጌዋ ሴትዮ ድሮ ጫን አድርጋ ትሰፍርልኝ የነበረችው፣ ቁናውን በእጇ ላጥ አድርጋ ትሰጠኝ ጀመር። «ምነው እትዬ፣ መንገዱን ከወዲሁ ቆረጥሽው?» ብያት ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሮቢን የማያውቅ ሰው በበጋ ቢያያት «ይቺንም ወንዝ ብላችሁ!» ይላል። ቁርጭምጭሚት አትሞላም። ክረምት ሲገባ ግን እኛ ዘንድ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ላይ ደብረ ሲና ይዘንባል። ከዚያ ደራሹ ጎርፍ ግንዱንም ድንጋዩንም እያንከባለለ ይመጣል። ጠብታ ሳያዩ በጎርፍ መወሰድ የቆላ ሰው ዕጣ ነው። ወንዙ በሞላ ጊዜ እኛ ማዶኞቹ ታመን እዚያው፣ ሞተን እዚያው ነን። አባቴ ለዚህ ነበር ድልድይ ድልድይ የሚለው። የማዶ ሰው ሁሉ ቃሉን በሱ ላይ ጥሎ፣ መንገዱ ወዴት ይውጣ ለሚባልበት ሸንጎ ከዋዜማው ወጥቶ ከተማ ዘመድ ቤት አደረ።

እኔ ያኔ ከባሌ ተጣልቼ እናቴ ቤት የተመለስኩበት ዓመት ነው። ታናሽ እህቴም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ እኛው ዘንድ መጥታ ነበር። አባቴ ሲወጣ ደህና ነበረች። ማታውን ምጡ ጀመራት። ሲነጋ አዋላጇ እጇን ታጥባ ወጣችና እናቴን ሳይሆን እኔን ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

«ልጁ ተጋድሟል። ይሄ በኔ እጅ አይሆንም። ሐኪም አምጪ፤ ዛሬውኑ» አለችኝ።

ሐኪም የምንለው የከተማውን ድሬሰር ነው፤ ቁስል የሚያጥበውን፣ መርፌ የሚወጋውን። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሮጥኩ። ወንዙን ስሻገር ውሃው ኩል የመሰለ ነበር፤ ጠጠሩ ይታያል። ቀና ብዬ ወደ ደብረ ሲና ባይ ግን ተራራው የለም። ደመናው ውጦታል። «እመቤቴ ሆይ፣ ደርሼ እስክመለስ ያዥልኝ» እያልኩ ወጣሁ።

ድሬሰሩ ክሊኒኩ አልነበረም። ስለ መንገዱ አስተያየት ይስጥ ተብሎ ሸንጎው ላይ ተቀምጧል። ከከተማው ዳር ካለችው ሾላ ሥር ስደርስ ክርክሩ ጦፏል። ከወረዳው የመጣው ሹም ወንበር ላይ፣ የግርጌ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የኛ ሰዎች በሌላው ወገን። የግርጌዎቹ አፈ ጉባኤ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ ቆብ ያደረጉ፣ የረጋ አንደበት ያላቸው።

«ወላሂ ለማዶ ሰው ክፉ አንመኝም» ይላሉ። «ግን ለድልድይ የሚፈሰው ድንጋይና ሲሚንቶ እኛ ዘንድ ገበያው ድረስ አድርሶ ይመልሳል። ገበያው ደግሞ የሁላችንም ነው።»

«ገበያውማ የሁላችንም ነው» አለ አባቴ። «ወንዙ ግን የኛ ብቻ ነው!»

ሹሙ ሰዓቱን እያየ፣ ካልተስማማችሁ ድልድይ የማይፈልገው ይጸናል፣ ብሎ ነበር። ሽማግሌው ይህን ያውቃሉ። ወገኖቻቸውን በዓይን ጠቀሱና መነሳት ጀመሩ። ጥለው ከሄዱ መንገዱ የነሱ ነው። አባቴ ይሄን ሲያይ ዱላውን መሬት ላይ መታ።

«በንጉሥ አምላክ! ቃላችንን ሳትሰሙ ከዚህ ማንም ንቅንቅ አይልም!»

ሁሉም ባለበት ቀረ። የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ቀልድ ይመስለዋል። ያኔ በንጉሥ አምላክ የተያዘ ሰው የያዘው ካልለቀቀው እግሩን አያነሳም። ጥሶ የሄደ ንጉሥ እንደ ደፈረ ተቆጥሮ ወህኒ ይወርዳል። የግርጌ ሰዎች አንድ በአንድ ተመልሰው ተቀመጡ። የኛዎቹ ፊት በራ። እኔም ሰዉን እየገፋሁ ፊት የደረስኩት ይኼኔ ነው።

ሰው መሀል ገባሁ። ሴት እንዲያ አይገባም ነበር፤ ማን ያስባል! «አባዬ፣ እህቴ አልሆነላትም። ልጁ ተጋድሟል። ሐኪሙ አሁን ካልተሻገረ ደራሹ መምጣቱ ነው» አልኩ።

ድሬሰሩ ብድግ አለ። ሹሙ ጮኸበት። «ተቀመጥ! በንጉሥ አምላክ ተብሎ ማን ይነሳል?»

«ሰው እየሞተ ነው እኮ!» አልኩት።

«አንቺ ዝም በይ። አንተ ሰውዬ» አለ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «የያዝከው አንተ ነህ። መፍታት ትችላለህ። ግን ለአንዱ ፈትተህ ለሌላው አታስርም። ከፈታህ ሸንጎው ተበትኗል፤ የማዶው ነገርም እዚሁ አለቀ።»

ሹሙን ጉሮሮውን ባንቀው ደስ ባለኝ። አባቴ ወደ ወገኖቹ ዞረ። ከመሀላቸው አጎቴ ራሱ «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ቆይ። ቃላችንን አሰምተን ትፈታለህ» ብሎ ለመነው። ሌላውም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የማዶን ሰው ሁሉ አደራ በጉያው የያዘ ሰው ምን ይበል? አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወገኖቹን ያያል።

አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን፣ ትዳር ከያዘ ብዙ ያልቆየ ገበሬ፣ ከኋላ ተነስቶ ተናገረ። «ጋሼ፣ ይልቀቋቸው። መንገድ ሌላ ዓመት ይመጣል። ልጅ ከሄደች አትመጣም።»

አባቴ ዱላውን ጣለ። «ፈትቻለሁ» አለ። «መንገዱን ውሰዱት።»

የግርጌ ሰዎች እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሽማግሌው በቅሏቸውን ራሳቸው ፈትተው አመጡ። «ሐኪሙን በዚህ አድርሱት። አላህ ይድረስላት» አሉ። በቅሎዋን ሰጡን፤ መንገዱን ግን አልሰጡንም።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል። ውሃው ደፍርሷል። ድሬሰሩ በቅሎዋ ላይ ሆኖ «እኔ ዋና አልችልም፤ እኔም እናት አለችኝ» ማለት ጀመረ። አባቴ ልጓሙን ይዞ ገባ። እኔ ከኋላ በቅሎዋን በጥፊ እየመታሁ፣ እየተሳደብኩ፣ እየተሳልኩ። መሀል ላይ ውሃው ጉልበቴን አልፎ ጭኔን ያዘኝ። አባቴ ዞሮ ነጠላዬን ጨምድዶ ጎተተኝ። ማዶ አፋፉን ወጥተን ሳንጨርስ ደራሹ ደረሰ። እነዚያ ወገኖቻችን ከኋላችን ሲመጡ የነበሩት በወዲያኛው ዳር ቆመው ቀሩ።

እህቴ ተረፈች። ልጇም ተረፈ፤ ወንድ ነው፤ ከእግሩ ነው የመጣው። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው እኔ ጓሮ ሄጄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ድሬሰሩ ሁለት እጁን እያየ «እኔም አላመንኩም» ይላል።

መንገዱ ወደ ግርጌው ወጣ። በዚያው በጋ መኪና ገበያው ድረስ ገባ። እኛ ዘንድ አባቴን በግልጽ የተናገረው ሰው የለም። ቃሉን የሚጥልበትም ግን አልነበረም። ለሽምግልና መጥራት ተዉት። አጎቴ መንገድ ላይ ሲያገኘው «እንዴት ነው የልጅ ልጅ?» ይለዋል፤ ሌላ ወሬ የለውም።

በቀጣዩ ክረምት ያ ሸንጎው ላይ «ይልቀቋቸው» ያለው ጎረቤታችን ሚስቱ ምጥ ያዛት። ወንዙ ሞልቷል። በቃሬዛ ተሸክመን ዳር አወረድናት፤ ይጎድል ይሆናል ብለን። ተጣርተን ተጣርተን ድሬሰሩ ከወዲያ ዳር መጣ። ይታየናል። ሻንጣውን ይዞ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ መሻገሪያ የለም። እጁን አፉ ላይ አድርጎ የሆነ ነገር ይጮሃል፤ ውሃው ድምፁን ይበላዋል። ባሏ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ወንዙ ሳይጎድል ሞተች።

ልንመልሳት ቃሬዛው ሲነሳ አባቴ ከፊት ገብቶ አንዱን ጫፍ ያዘ። ጎረቤታችን እጁን በቀስታ አባቴ እጅ ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅሩ። ለእርስዎ ሐኪሙ ደርሶልዎታል» አለው።

በቁጣ አልነበረም። አባቴ ቃሬዛውን ለቀቀና ከሰው ሁሉ ኋላ ሆኖ ተከተለን።