በጠብታ ዘይት የሠራሁት እግር

እኔ ሙስሊም ነኝ። ጥፋትን ለሰው መናዘዝ የኛ ወግ አይደለም፤ ለአላህ ነው የምንነግረው። ለእሱ ነግሬዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁን ግን ለሚስቴም፣ ለወንድሜም ትንፍሽ ብዬው አላውቅም። ሰምታችሁ ፊታችሁን ብታዞሩብኝ አልቀየማችሁም።

ስሜ ሰይድ ነው። መካነ ሰላም ላይ ቶርኖ ቤት አለኝ። የወፍጮ ዘንግ ሲሰበር፣ የባጃጅ ብረት ሲጣመም ወደኔ ነው የሚመጣው። ብረት እየፈለፈለች ቅርጽ የምታወጣ አንዲት አሮጌ ሚሊንግ ማሽንም አለችኝ። ከወረኢሉ እስከ ከላላ የእሷን ሥራ የሚሠራ የለም እያልኩ ጉራዬን እነፋባት ነበር። ጉራዬ ነው ያጠፋኝ፣ ወላሂ!

የኔታ ጥበቡ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር ነበሩ። አንድ እግራቸውን ስኳር በሽታ ወስዶባቸው ሰው ሠራሽ እግር ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን የእግሩ መጋጠሚያ ተሰነጠቀ፤ ከላይ ጉልበታቸው የሚገባበትን ከታች ካለው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት ነው። ደሴ ካሉት እግር ሠሪዎች ጠይቀው "ወረፋ ይጠብቁ" ተባሉ። የደብሩ ንግሥ ደግሞ ደርሶ ነበር። ማኅሌት ቆመው ነው የሚያደርሱት። ሱቄ ድረስ በምርኩዝ መጡና "ሰይዶ፣ ጓደኞቼ ቆመው እኔ ጥግ ይዤ ቁጭ ልል ነው? ከዚያስ ሞቴን እመርጣለሁ" አሉኝ።

"አብሽሩ የኔታ! እኔ እያለሁ?" አልኳቸው። እኔ እያለሁ! አይ እኔ!

ከኮምቦልቻ ቁርጥራጭ ብረት መሃል ያገኘኋት አንዲት የቲታኒየም ቁራጭ ነበረችኝ። ክብደቷ እንደ ላባ፣ ጥንካሬዋ ለጉድ። ለሰው እያሳየሁ እኩራራባት ነበር እንጂ ነክቻት አላውቅም። ቲታኒየም ክፉ ጠባይ አለው፤ ሲቆረጥ ሙቀቱን አይለቅም፣ እዚያው ስለቱ ሥር ያምቀዋል። ለዚህ ነው ማቀዝቀዣው ውሃ እንደ ጎርፍ የሚለቀቅበት። እኔ ጋ ግን የከተማው ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል፤ በጀሪካን የሚመጣው ለመጠጥም አልበቃም። ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት በጠብታ ዘይትም እንደሚሠራ ነግረውኛል። "ግን ሰይድ፣ ስለቱ አዲስ ይሁን፣ እጅህም አይቸኩል። አለዚያ ብረቱ ይቃጠልና ቆዳው እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል" ብለውኛል። ጥፋቱ የጠብታው አይደለም። ሰምቻለሁ፣ አውቃለሁ፣ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

አዲስ ስለት አልነበረኝም? ነበረኝ። በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለለ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ለሌላ ትልቅ ሥራ ብዬ ሰሰትኩለት። ለአንድ ሰው እግር ሰሰትኩ! አሮጌውን አስሬ፣ መብራት ሳይጠፋብኝ ልጨርስ ብዬ፣ ዘይቱን በመርፌ ሲሪንጅ ጠብ እያደረግሁ ማሽኗን ለቀቅኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

መጀመሪያ ጮኸ። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነበር። ከዚያ ከስለቱ ሥር ነጭ ብልጭታ ወጣ፣ ብረቱም ወርቅማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ አመድማ ሆነ። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። አላጠፋሁም። ሲያልቅ አየሁት፤ ልኩ ልክ ነው፣ ቀዳዳው ቀዳዳ ነው፣ ቀለሙ ግን የተቃጠለ ብረት ቀለም ነው። ሌላ ቁራጭ የለኝም። "አልሆነም የኔታ" ማለት ነበረብኝ። ይህችን ብቻ ብል ማን ይሞታል? እኔ ግን ብርጭቆ ወረቀት አንስቼ ፈተግሁት። ሰማያዊው እስኪጠፋ፣ እንደ ብር እስኪያበራ ፈተግሁት።

የኔታ ሲያዩት ፊታቸው በራ። "ምንም የለበትም አይደል?" አሉኝ።

"ምንም የለበትም። እርስዎ ያልፋሉ እንጂ እሱ አያልፍም" ብዬ ቀለድኩ። መርቀውኝ ሄዱ፣ ማኅሌቱንም ቆሙ። ሰው ሁሉ "የሰይድ እጅ!" አለ።

ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው በሱቄ በር ነበርና ጆሮዬ እግራቸው ላይ ተተከለ። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እያደር ድምፁ ተለወጠ፤ አንድ ነገር ከውስጥ የሚፈጭ ይመስላል። ሲያልፉ ማሽኑን አጥፍቼ እሰማለሁ፣ ካለፉ በኋላ መልሼ አስነሳዋለሁ። አንድ ጠዋት ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነቡ ጋር ቆሙና "ሰይዶ፣ ይህ ነገር ይጮኻል እኮ" አሉ። አላህ በሩን ከፈተልኝ አይደል? "ያውልቁት፣ ይሰበራል" ማለት ብቻ ነበር። እኔ ምን አልኩ? "አዲስ ስለሆነ ነው። እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት ብሎኑን ያጥብቁላቸው" አልኩና የብሎን ማጥበቂያውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። እትዬም ከዚያ ቀን ጀምረው በየማለዳው ተንበርክከው አጠበቁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ድንጋይ ደረጃው ላይ ተሰበረ። የኔታ እስከ ታች ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰበረ። ሱቄ ለደጁ ቅርብ ነውና እየጮህኩ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት እኔ ነኝ። ሰው ሲያለቅስ እኔ ስብርባሪውን ለቅሜ ኪሴ ከተትኩ። ሱቄ ገብቼ አየሁት። ስንጥቁ የተነሳው ከተቃጠለው ጠርዝ ነው። ግማሹ አዲስ ስብራት ነው፤ ግማሹ ግን አቧራና ላብ የጠጣ፣ የጠቆረ፣ የቆየ ነው። በሱቄ በር ሲያልፉ የሰማሁት እሱን ነበር። ስብርባሪውን ወንዝ ጣልኩት።

ማታውኑ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ዘነቡ በር ላይ ያዙኝ። "ሰይዶ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከልክ በላይ አጥብቄው ይሆን?" አሉ።

ይህን ቃሌን ጻፉብኝ። "ይሆናል፣ እትዬ" አልኩ።

የኔታ ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሱም። ደወል ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር አሉ። ክረምቱን ሳይጨርሱ አረፉ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቀብራቸው ላይ አፈር መልሻለሁ፣ ለቀስተኛውም "እንደ ልጃቸው ነበር" ብሎኛል። እትዬን ግን ሰፈሩ በሹክሹክታ "በእጇ ገደለችው" አላቸው። ሰማሁ። ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው? ስሜን ወድጄ ነው? ሁለቱም ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ዘነቡ ሱቄ መጡ። ከስተዋል፣ ቀሚሳቸው አንገቱ ላይ ሰፍቷቸዋል። ሊመነኩሱ ነው። ከመመንኮሳቸው በፊት ያስቀየሙትን ሰው ሁሉ ይቅርታ እየጠየቁ ይዞራሉ። እኔ ጋ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ "ከሁሉ የከበደብኝ አንተ ነህ" አሉኝ። ብረት የተበተነበት መሬት ላይ ተንበርክከው እግሬን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

"ያን የመሰለ ሥራህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የኔታንም የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ስለ አላህ ብለህ አፉ በለኝ" አሉ።

አነሳኋቸው። አፌ ተከፈተ፣ ልናገር ነበር፣ ወላሂ ልናገር ነበር።

"አፉ ብያለሁ፣ እትዬ" አልኩ።

አለቀሱ፣ ሁለት እጄን ሳሙና መርቀውኝ ወጡ። ይቅር ባይ ሆኜ ቆምኩ፣ እኔ! ብረቱን ያቃጠልኩት ስስቴ ነው፣ የደበቅኩት ፍርሃቴ ነው፤ ይኼኛው ግን ምን ይባላል? የኔን ኃጢአት ተሸክመው ገዳም ገቡ፤ ሌሊት ሌሊት ተነስተው የሚሰግዱት ስለኔ ጥፋት ነው።

እናንተን አፉ በሉኝ አልልም፤ እናንተን አልበደልኩም። ለእናንተ መናገሩም ቀላል ነው፣ ፊታችሁ አይታየኝም። ገዳሙ ያለበትን አውቃለሁ፣ በበቅሎ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እስካሁን አልሄድኩም።