የልጄ የሬዲዮ ላይሰንስ

ዛሬ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሬዲዮዬ ለመናገር የአሥራ አራት ዓመት ልጄን ፈቃድ ጠየቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት ሳለሁ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ በነጥብና በሰረዝ የሚላከውን ሞርስ ኮድ ሳይፈተኑ የአማተር ሬዲዮ ላይሰንስ፣ ማለትም በግል ሬዲዮ ከሰው ጋር ለመነጋገር የሚያስችል ፈቃድ፣ ማውጣት እንደሚቻል ስሰማ፣ ልጄን ሳባን አስጠናኋትና አብረን ተፈተንን።

እሷ አለፈች፤ እኔ ወደቅኩ። ስለ ሞገድና ስለ አንቴና የተጠየቅኩትን በደንብ መልሻለሁ። የጣለኝ የአሜሪካ ሕግ ነው። "ሬዲዮ ሁሉም አንድ ነው" ብዬ ሕጉን ሳላነብ ነበር የገባሁት፤ እሷ ግን ብቻዋን አንብባዋለች።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስለ ሬዲዮ ትንፍሽ አላልኩም። ባለቤቴ "ከልጅህ ጋር ተኳረፍክ እንዴ?" እስክትለኝ ድረስ።

ዛሬ የሳባ ላይሰንስ፣ በሬዲዮ ላይ ከምትጠራበት መለያዋ ጋር፣ በኢሜይል ደረሰ። ወዲያው ሬዲዮውን ከፍታ ስትጣራ፣ እዚሁ አቅራቢያችን ካናል ዊንቸስተር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መለሱላት።

"ማን አስተማረሽ?" አሏት።

"ማይ ዳድ" አለችና ማይኩን ወደ እኔ ዘረጋች። ላይሰንስ ያለው ሰው አጠገቡ ካለ ሌላውም መናገር ይችላል። ይህንንም የነገረችኝ እሷው ናት።

"ልናገር?" አልኳት።

"ጎ አሄድ፣ አባዬ።"

ስንት ዓመት በሬዲዮ የተናገርኩ ሰውዬ፣ እንደ ጀማሪ ስሜን ደጋግሜ ተናገርኩ። ሽማግሌው "ጎበዝ አስተማሪ ነዎት" አሉኝ። ሳባ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

በሚቀጥለው ወር ድጋሚ እፈተናለሁ። አሁን አስጠኚዋ እሷ ናት፤ ቁጣዋም አይቻልም።

ከልጃችሁ ጋር ፈተና ተቀምጣችሁ የተበለጣችሁ ካላችሁ፣ እስቲ አውሩኝ፤ ብቻዬን አልሁን።