ራሱን የሚዘጋው ቧንቧ

የሥራ ባልደረባዬን ተማሪዎቿ «ቲቸር ጠብታ» ይሏታል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ላብራቶሪ ገብታ «ቀስ! በጠብታ!» እያለች ስትጮህ እኔ ፊዚክስ የማስተምርበት ክፍል ድረስ ይሰማል። ቁጡ ናት። እኔም ከእሷ አልሻልም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ እየፈላ ነው።

የእረፍት ጊዜዋን ሠውታ በኮምፒውተር የሚሠራ የላብራቶሪ መለማመጃ አዘጋጀች። ተማሪው ስክሪኑ ላይ ቀጭኑን የመስታወት ቱቦ በቤዝ ይሞላል፤ የቱቦውን ቧንቧ ከፍቶ ከሥሩ ወዳለው አሲድ ያንጠባጥባል። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ብቅ ሲል፣ ማቆም የሚገባው እዚያ ላይ ነውና፣ ቧንቧው ራሱን ይዘጋል። እንደዚያ ያደረገችው ጀማሪዎቹ ከመነሻው ተስፋ እንዳይቆርጡ ብላ ነው። እውነተኛው ላብራቶሪ ሲገቡ ግን እጃቸውን ከቧንቧው ላይ እንዳያነሱ አጠገባቸው ትቆማለች። በዚህ ዓይነት ተማሪዎቹ ጎበዙ፤ ዕቃ ሲያገላብጡ ያልቅ የነበረው ሰዓት ለትምህርት ዋለ።

ዲኑ ይህን ሰማ። ስብሰባ ላይ አስነስቶ አስጨበጨበላትና፣ ጭብጨባው ሳያባራ፣ «ከእንግዲህ ላብራቶሪ አያስፈልገንም፤ ቢሮ እናደርገዋለን» አለ። ቁልፉንም ወሰደ። አዲሶቹ ተማሪዎች ስክሪን ብቻ እያዩ ቀሩ።

ዲኑ ቢሮ ድረስ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«መለማመጃ ነው እኮ የሠራሁት! ላብራቶሪ ዝጉልኝ ያለ ማን ነው?»

«እህቴ፣ ምን ያስቆጣሻል? አመሰገንኩሽ እንጂ ምን አደረግኩሽ?»

«እንግዲያው አዲሶቹን አንድ ቀን ላብራቶሪ ላስገባቸውና በዓይንዎ ይዩ።»

መጣ፤ በሩንም ከፈተልን። ተማሪዎቹ ቧንቧቸውን ከፈቱ። ሮዙ ብቅ ሲል ሁሉም እጃቸውን አንስተው ውጤት ሊጽፉ ዞሩ። ቧንቧው መቼ ራሱን ይዘጋል! ቤዙ መውረዱን ቀጠለ። በየብልቃጡ ያለው ሁሉ ደማቅ ሮዝ ሆነ፤ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። አንዲት ተማሪ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ቲቸር፣ ለምን አልቆመም?» አለቻት።

ዲኑ አጨበጨበ።

«ቀለሙ እንዴት ያምራል! ይኸው፣ ይችሉበታል!» ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳ።

«ተበላሽቷል እኮ ነው የሚባለው!» አለች ባልደረባዬ።

«ይሁን፣ ይለምዱታል።»

«የት ለምደው?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሁላችንንም አስወጥቶ በሩን ቆለፈ።

በነጋታው ኮምፒውተሮቹ ሲከፈቱ መለማመጃው የለም። ያን ያህል የደከመችበትን ሥራ ከኮምፒውተሮቹ ላይ በገዛ እጇ አጥፍታዋለች፤ ቅጂው እሷ ጋ ብቻ ነው። ዲኑ እያለከለከ ቢሯችን መጣ።

«የት አደረግሽው? እንግዶች ሊያዩት እየመጡ ነው እኮ!»

መዳፏን ዘረጋችለት። «መጀመሪያ የላብራቶሪውን ቁልፍ።»

«ይሄ ማስፈራራት ነው!»

«አዎ፣ ነው።»

እንድገላግለው ወደ እኔ ዞረ። እኔም መዳፌን ዘረጋሁ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ።

አነሳችው።

«ያቺን ያለቀሰችውን ልጅ ጥራልኝ» አለችኝ። «እንደገና ትሠራለች።»