ግሎው የሚለው ቱቦ

ቃሊቲ፣ ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ዝቅ ብሎ አዲስ የውበት ሳሎን ተከፍቷል። መስታወቱ ላይ በትልቁ «ግሎው» ተብሎ ተጽፏል። በቀደም በዚያ ሳልፍ በሩ ተከፈተና የክሬም ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ጽጌረዳ ነኝ የሚል፣ ከሥሩ ግን መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት። መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ያለው የሲኖትራክ ሹፌር ጥሩምባውን ሲነፋብኝ ነው የነቃሁት።

ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። እህቴን የቀማኝ ሽታ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ ከብረት ሠሪዎቹ ጀርባ ነበር፤ የመፍጫው ጩኸት ቀኑን ሙሉ ከጆሯችን አይጠፋም። ታላቅ እህቴ ጠይም ነበረች። ጠይም ስላችሁ ዝም ብዬ አይደለም፤ ጠይም ዓሣ መሳይ የሚባለው ለእሷ የወጣ ነበር የሚመስለው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በር ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታበጥር መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያት ነበር። ያገባትም ልጅ የወደዳት እዚያ በር ላይ አይቷት ነው።

ነገሩን ያበላሸችው የልጁ እናት ናት። አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ አልልም! ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ በኋላ ልትጠይቀን መጣችና እህቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «መልከ መልካም ናት፤ ትንሽ ጠቆር አለች እንጂ» አለቻት ለእናቴ፣ እህቴ እየሰማች። እናቴ ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ብዙም ሳይቆይ ከዱባይ በሻንጣ ዕቃ እያመጣች የምትሸጠው ጎረቤታችን ሁለት ቱቦ ክሬም ይዛ ከተፍ አለች። «አንቺ ልጅ፣ ለሠርግሽ ፏ ነው የምትይው!» አለቻት። ቱቦው ላይ አንድ ቃል በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። እህቴ ትምህርቷን ቀደም ብላ ስላቋረጠች ቃሉን አሳየችኝና «ምን ማለት ነው? ቲቸራችሁን ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጠየቅሁት። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቃል ሲጠየቅ ነፍሱ ነው። ጠመኔውን አስቀምጦ ለክፍሉ በሙሉ ያስረዳ ጀመር። «ፍም ታውቃላችሁ አይደል? ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ፍሙ ዝም ብሎ የሚያበራው ብርሃን፣ እሱ ነው ግሎው። አያብረቀርቅም፣ ዓይን አይወጋም። ሰውም በጣም ደስ ሲለው ፊቱ እንዲህ ይሆናል፣ ያኔም ይኸው ቃል ይነገርለታል። ብርሃኑ ከውስጥ ነው የሚመጣው።»

ቤት ገብቼ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እህቴ ሰምታኝ ስታበቃ ሳቀች። «እሱማ አለኝ እኮ! እጮኛዬን ሳየው እንዲህ ነው የምሆነው» አለች። ቱቦዎቹን መስኮቱ ላይ ወረወረቻቸው። እኔ ነገሩ በዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ ያቺ «ጠቆር አለች» የምትለዋ ቃል ሆዷ ገብታ ኖሯል።

ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ወይባ ጢስ ትሞቃለች። እንጨቱ ጉድጓድ ውስጥ ይጨሳል፣ እሷ ከላዩ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትቀመጣለች። ፊት ውጭ ነው የሚቀረው። እህቴ ግን ለማንም ሳትናገር ሁለቱን ክሬም ደባልቃ ፊቷን ተቀባች፤ ሙቀቱ ክሬሙን ቶሎ ወደ ቆዳዬ ያሰርግልኛል ብላ እስከ ራሷ ተሸፈነች። ብዙ አልቆየም፣ «ፊቴን! ኧረ ፊቴን!» የሚል ጩኸት ሰማን። ብርድ ልብሱን ስንገፈው አብጣ ዓይኗ ጠፍቷል። እናቴ ውሃ እያፈሰሰችባት «ምነው ልጄ፣ ምነው ልጄ» ትላለች። ጤና ጣቢያ ነርሷ ምን እንደተቀባች ስትጠይቃት እህቴ አፍራ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሠርጉ አልቀረም። ድንኳን ተተክሎ፣ በሬ ታርዶ፣ ማን ይመልሰዋል? ሜካፕ ሠሪዋ ቁስሉን ግድግዳ እንደሚለስን ሰው ለሰነችው። የሙሽራው እናት እልልታዋን አቀለጠችው። «ምን የመሰለች ቀይ ሙሽራ!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እህቴ ከሜካፑ ሥር ሕመሙ እያንሰፈሰፋት ነበር።

ቁስሉ ሲድን ፊቷ ቦታ ቦታውን ነጣ፣ ቦታ ቦታውን ከሰለ፤ እንደዚያው ቀረ። ባሏ ደግ ሰው ነው፣ አልተዋትም። አንድ ቀን ግን እኔ ባለሁበት፣ ጨክኖ ሳይሆን አዝኖ፣ «ምናለ እኔን ብትጠይቂኝ? እኔ እኮ ጠይሟን ነው የወደድኩት» አላት። ያን ዕለት ማታ ጓዳ ገብታ የልጅነት ፎቶዎቿን በሙሉ ቀዳደደቻቸው፤ አንድ እንኳ ደብቄ ባስቀር ኖሮ እላለሁ።

የተረፈው የሠርጉ አልበም ብቻ ነው። እሱንም ፎቶ አንሺው በኮምፒውተር አለስልሶ፣ አቅልቶ፣ እህቴን ወተት አስመስሏታል። ባለፈው ፋሲካ ቤቷ ሄደን ልጄ አልበሙን ከቁም ሳጥን ውስጥ አወጣችው። ስትገልጥ ቆይታ ጣቷን ሙሽራዋ ላይ አደረገች።

«አክስቴ፣ ይቺ ማናት?»

እህቴ ጎንበስ ብላ ሙሽራዋን አየቻት።

«እንጃ የኔ ማር፣ አላውቃትም» አለቻት።