የአምባሳደሩ እንግዳ

«አምባሳደሩ» የዩኒቨርሲቲያችን ሹፌር ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኞች ነን። ፕሬዝዳንታችን ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስምምነት መፈረም ነፍሱ ነው፤ በተፈረመ ቁጥር እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አምባሳደሩ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይገተራል። የኋላውን በር ከፍቶ ያስገባቸዋል፣ ካላናገሩት አይናገርም፣ በቀጥታ እኔ ዘንድ ያመጣቸዋል። እኔ ቁልፍ እሰጣለሁ። ዓለም አቀፍ ትብብር ማለት በእኛ በኩል ይኸው ነው።

ከነዚህ ስምምነቶች አንዱ አንድያ ልጁን ወሰደበት። ለማስተርስ ብላ ሄደች፣ ዶክትሬቷን ቀጠለች፣ ከዚያ እዚያው አስተማሪ ሆና ቀረች። የሸኛት ራሱ ነው፣ በዚያችው መኪና። ከዚያ ወዲህ እንግዶቹ ወጥተው ካለቁ በኋላም ዓይኑ በአውሮፕላን ማረፊያው መውጫ በር ላይ ይቀራል አሉ። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ስለው «ልማድ ሆኖብኝ ነው» ይለኛል። የምን ልማድ! ናፍቆት ነው። አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ፕሬዝዳንታችን ከእሷው ዩኒቨርሲቲ ጋር ተፈራረመና ከልዑካኑ ጋር እሷም መጣች። አምባሳደሩ ስሟን በገዛ እጁ ጻፈ፤ «ዶክተር» የምትለዋን ደግሞ አደመቃት። «ልጅህን በወረቀት ነው እንዴ የምትለያት?» ብለን ሳቅንበት። እናቷ ደግሞ እቤት አልጋዋን አንጥፋ ትጠብቃለች።

መኪናው በራችን ላይ ሲቆም፣ ሌሎቹን አውርዶ እሷን ይዟት ወደ ቤት ይበራል ብዬ ነበር። ሰውዬው የኋላውን በር ከፈተ፣ የሁሉንም ሻንጣ አወረደ፣ የእሷንም ጨምሮ ጠረጴዛዬ ሥር ደረደረው። ሲሠራ የኖረውን ነው የሠራው።

«አባዬ፣ እዚህ ነው እንዴ የማድረው?» አለችው።

ደነገጠ። «እንደተመቸሽ... እዚህ እንኳን ሙቅ ውሃ አለ» አላት።

«እሺ» አለች። ቁልፉን ተቀብላኝ ወደ ፎቅ ወጣች። በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። ሚስቱ ናት። ማንሳት አቅቶት ለእኔ አቀበለኝ።

«መጣች? ልጄ መጣች?»

«መንገድ ላይ ናቸው» አልኳትና ደረጃውን ወጥቼ የልጅቷን ክፍል አንኳኳሁ። ሻንጣዋን አልከፈተችም፤ ኮቷን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ይቅርታ፣ ክፍሉ ተይዟል» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«እና የት ልሂድ?»

«እናትሽ ጋ ነዋ! አልጋሽን አንጥፋ እየጠበቀችሽ!»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «የሚፈልጉኝ አልመሰለኝም ነበር» አለች።

ስንወርድ አምባሳደሩ ተጣድፎ የኋላውን በር ከፈተላት። አልገባችም። ዞራ ሄዳ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። እሱ ባዶውን በር እንደያዘ ቆሞ አለቀሰ። ሳምንቱ ሲያልቅ መልሶ የሚሸኛት እሱ መሆኑን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።